የማፈግፈግ ፈቃድ

ሻምበላችን ሠራዊቱ ከፈረሰ በኋላ ሁለት ጊዜ ተሹመዋል። ከጫካ ስንወጣ ሻምበል ነበሩ። ሱዳን፣ የስደተኛ ካምፕ ውስጥ፣ ሻለቃ ሆኑ። አትላንታ ከገቡ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ በአንድ የሠርግ ጥሪ ወረቀት ላይ «ኮሎኔል» ተብለው ታተሙና በዚያው ጸደቀ። ማንም አልተቃወመም። እኔም አልተቃወምኩም፤ ኮሎኔል በአስር አለቃ ጸሐፊ አይገለገልም ተብሎ በዚያው ሰሞን እኔም መቶ አለቃ ሆኛለሁና።

ጸሐፊያቸው ነበርኩ። ጠመንጃ ይዤ ነበር፤ ግን ጣቴ ምላጭ ላይ ካረፈበት ጊዜ ይልቅ የጽሕፈት መኪና ላይ ያረፈበት ይበልጣል። ዛሬ ኢስት ፖይንት፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ከመኪና ማቆሚያ ወደ ተርሚናል መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል እነዳለሁ። ኮሎኔሉ ፓይን ሌክ፣ ከሐይቁ በታች ባለው መንገድ ላይ፣ ሴት ልጃቸው ቤት ይኖራሉ።

በየዓመቱ ሐምሌ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ከዚያ ጫካ ወጥተን እዚህ የደረስን አራት ሰዎች እሳቸው ዘንድ ምሳ እንበላለን። ምሳው «ከጫካ የወጣንበት» ይባላል። ኮሎኔሉ ቆመው ታሪኩን ይተርካሉ፣ እኛ እንበላለን። የእኛ ድርሻ በየመሐሉ «ልክ ነው» ማለት ነው። ብዙ ዓመት በልቼ ብዙ ጊዜ «ልክ ነው» ብያለሁ። ምግቡ ጥሩ ነው።

ያለፈው ሐምሌ ግን ከጠረጴዛው ጫፍ የሃምሳ አለቃው ልጅ ተቀምጣ ነበር። ሃምሳ አለቃው ከጫካው ያልወጣው ሰው ነው። አባቷ ሲሄድ የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አሁን ነርስ ናት። ከሌላ ስቴት ወደ አትላንታ ከተዛወረች ሁለት ዓመት ሆኗታል። እኔ በምኖርበት በክላርክስተን፣ ቸርች ውስጥ ከኮሎኔሉ ልጅ ጋር ተዋውቀው፣ ወሬ ወሬን አንስቶ፣ የማን ልጅ እንደሆነች ታወቀ። ከዚያ ወዲህ በምሳው ላይ ስትገኝ ይህ ሁለተኛ ጊዜዋ ነው።

የመጣችው ለታሪክ አይደለም። እናቷ ጅማ አሉ። ባላቸው ከጠፋ ጀምሮ ጥቁር ለብሰው አያውቁም፣ ተዝካር አላወጡም፣ ሌላም አላገቡም። አንድ ከሱዳን የተመለሰ ነጋዴ «ባልሽን ካርቱም አየሁት፣ ሚስት አግብቶ ልጆች ወልዷል» ብሏቸዋል። በሌላ በኩል ደግሞ የኮሎኔሉ ጀግንነት የሞላበት ታሪክ በሰው በሰው ደርሷቸዋል። ሴትዮዋ ሁለቱንም አላመኑም። ለልጃቸው ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሲሞት በዓይኑ ያየ ሰው አምጪልኝ።» ልጅቱ የምትፈልገው ይህን ሰው ነበር። ያ ሰው ደግሞ አጠገቧ ተቀምጦ ሥጋ ያላምጣል።

እንግዲህ እንዴት እንደነበረ ልናገር።

መንግሥት አዲስ አበባ ላይ ሲወድቅ እኛ ኢሉባቦር ጫካ ውስጥ ነበርን። የሻለቃው አዛዥ በመኪና ቀድመው ሄዱ። ሲሄዱ የሻለቃውን ማህተም ለሻምበሉ ሰጥተው «አደራ» አሏቸው። ማህተሙን ይዘው መኪናውን ቢተዉልን በወደድን ነበር። ብዙው ጦር በየፊናው ተበትኖ አርባ አንድ ሰዎች ቀረን፣ በእግራችንም ወደ ሱዳን ድንበር ጉዞ ጀመርን።

ሻምበሉ በመጀመሪያው ቀን ያወጡት ትዕዛዝ ስለ ጥይት ወይም ስለ ስንቅ አልነበረም፤ ስለ ቃል ነበር። «ሽሽት» ማለት ክልክል ሆነ። «ማፈግፈግ»ም ቢሆን የበላይ አካል ሳይፈቅድ አይባልም። የምንሄደው «ለቦታ ለውጥ» ነው። እናም በቦታ ለውጥ ላይ እያለን ሁለት በቅሎ ገደል ገባብን፤ ያለንን ስንቅ አብዛኛውን በቦታ ለውጥ ላይ ጨረስነው።

ዝናቡ አንዴ ከጀመረ አያባራም ነበር። ቀን ከሌሊት ይወርዳል፣ ቆመ ስንል ደግሞ ከቅጠሉ ላይ ለሰዓታት ይንጠባጠባል፣ ስለዚህ ሰማዩ ቢጠራም እኛ ዘንድ ዝናብ ነው። ጭቃው እስከ ጉልበት ይውጣል። ጫማችን መጀመሪያ ረጠበ፣ ከዚያ ሸተተ፣ ከዚያ ተበጣጠሰ። አልቅት ማዕረግ አይለይም፤ ከሻምበሉ ቁርጭምጭሚትም ከእኔም እኩል ይጠባል። ኮቾሮ የሚሉት የወታደር ደረቅ ብስኩት ውሃ ጠጥቶ ሊጥ ሆነ፣ ያንን ሊጥ ከላስቲክ ላይ በጣታችን እየጠረግን እንበላለን። ጉሬዛዎች ዛፍ ላይ ተሰልፈው ያዩናል። በዚያ ጫካ ውስጥ በሥነ ሥርዓት የተሰለፉት እነሱ ብቻ ነበሩ።

በየቀኑ ወደ ማታ ግን ሸራ ይወጠራል፣ የጽሕፈት መኪናው ይወጣል፣ እኔም የዕለቱን ትዕዛዝ እጽፋለሁ። አንዱን አሁንም በቃሌ አውቀዋለሁ፦ «ጉዳዩ፦ ዝናብን ይመለከታል። የክፍሉ አባላት በዝናብ ምክንያት የሚያሰሙት ማጉረምረም የተከለከለ መሆኑን እናሳውቃለን። ግልባጭ፦ ለፖለቲካ ክፍል፣ ለስንቅና ትጥቅ ክፍል።» የፖለቲካ ክፍሉ ከማንም በፊት ጠፍቷል። የስንቅና ትጥቅ ክፍሉ ያው የተበላው ኮቾሮ ነው። ግልባጩን ለማን ልስጥ ብዬ ስጠይቅ ሻምበሉ «ፋይል አድርገው» ይሉኛል። ፋይሉ፣ ማህተሙና የማህተሙ ቀለም የሚቀመጡት አንድ የብረት ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሳጥኑን የምሸከመው እኔ ነኝ። ሠራዊቱ እየቀለለ በሄደ ቁጥር ፋይሉ እየከበደ ሄደ።

በሁለተኛው ሳምንት ሻምበሉ እንቅልፍ አጡ። ያስጨነቃቸው ጠላት አልነበረም። ከምድብ ቦታው ያለ ፈቃድ የተንቀሳቀሰ ወታደር ከዳተኛ ነው፤ ይህን ተምረዋል፣ አስተምረዋልም። እኛ ደግሞ ፈቃድ የለንም። ስለዚህ ለእያንዳንዳችን ወረቀት እንዲሰጠን ወሰኑ። «ለሚመለከተው ሁሉ። ጉዳዩ፦ ወደ ኋላ የማለፍ ፈቃድ መስጠትን ይመለከታል።» ከዚያ ማዕረግ፣ ስም፣ ከዚያ «ከምድብ ቦታው ተነሥቶ ወደ ኋላ እንዲያልፍ የተፈቀደለት ስለሆነ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግለት እንጠይቃለን።» ሁለት ቀን ሸራ ሥር ተኮራምቼ፣ በረጠበ ካርቦን ጣቴ ሰማያዊ እስኪሆን፣ አርባ አንድ ወረቀት ጻፍኩ። ፈቃድ ሰጪው መንግሥት ከወደቀ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ባትሪው ከማለቁ በፊት ሁላችንም በራዲዮ ሰምተናል፣ ሻምበሉም ሰምተዋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኛ ዘንድ ሁለቱም ነበሩ።

በማግሥቱ ጠዋት ሳጥኑን ጣልኩት። ረሳሁት አላልኩም፣ ጣልኩት። ወባ ይዞኛል፣ ትከሻዬ ተልጧል፣ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ወረቀቶቹ በላስቲክ ተጠቅልለው ደረቴ ላይ ነበሩ። ሳጥኑን የቀርከሃ ቁጥቋጦ ውስጥ ገፋ አደረግኩትና ቅጠል አለበስኩት። ከዚያ ቀና ብዬ ስሄድ የተሰማኝ ደስታ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ከሰዓት በኋላ አንድ ወንዝ ላይ ደረስን። ገመድ ከዛፍ ዛፍ አስረን፣ እሱን እየያዝን፣ ደረት በሚደርስ ውሃ ሁላችንም ተሻገርን። ማዶ እንደደረስን ሻምበሉ ጉቶ ላይ ተቀመጡ፣ ወረቀቶቹን ከእኔ ተቀበሉ፣ እስክሪብቶ አወጡ። «ማህተም» አሉ።

«ሳጥኑን ረሳሁት፣ ጌታዬ» አልኩ።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ያለ ማህተም አንድ እርምጃ አንሄድም» አሉ። «ሂድ አምጣ።» ወንዙን አየሁት። ላይኛው አገር ስለዘነበ ስንሻገር ከነበረው በእጅጉ ሞልቷል፣ ቀለሙም ተለውጧል። ዋና አልችልም አልኩ። ይህ እውነት ነበር፤ በዚያ ቀን የተናገርኩት ብቸኛ እውነት እሱ ነው። ሻምበሉ ሊደግሙልኝ አፋቸውን ሲከፍቱ ሃምሳ አለቃው ብድግ አለ። «ይተዉት ልጁን፣ ትኩሳት ይዞታል። እኔ ዋና እችላለሁ» አለና ሸሚዙን ማውለቅ ጀመረ። ሳጥኑ የት እንዳለ ጠየቀኝ። በትክክል ነገርኩት። እንዴት በትክክል እንዳወቅኩት አልጠየቀኝም፤ አየት አድርጎኝ ሄደ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ከወዲያ ማዶ ብቅ አለ። ሳጥኑን ትቶ፣ ማህተሙንና ቀለሙን ብቻ በላስቲክ ቋጥሮ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። ውሃው ገመዱን እየነካ ነበር። ገባ። ከግማሽ በላይ መጣ። ከዚያ ከላይ አንድ ግንድ ሲመጣ ሁላችንም አየን፣ እሱም አየ። አንድ እጁን ከገመዱ ለቀቀ፣ ቋጠሮውን ከአንገቱ በጠሰና ወረወረው። እግሬ ሥር አረፈ። ጎንበስ ብዬ አንስቼ ቀና ስል ገመዱም እሱም አልነበሩም።

እስኪመሽ ፈለግን፣ በማግሥቱም ሙሉ ቀን ፈለግን። አላገኘነውም። ከዚያ ሻምበሉ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ፈረሙ፣ እኔ አተምኩ። አርባ አንዱንም። የሃምሳ አለቃው ወረቀት ጋ ሲደርሱ እስክሪብቶው ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ፈረሙ። «ያዝለት፣ ይደርስብናል» አሉኝ። ያዝኩለት።

ሱዳን ድንበር ላይ ወረቀቱን ማንም አላየው። ጠመንጃችንን ተቀበሉን፣ በዱላ እያመለከቱ በረድፍ አስቀመጡን። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ካምፕ ውስጥ መዝጋቢው «ወታደር ለመሆናችሁ ማስረጃ አላችሁ?» ሲል አርባችንም አወጣን። ማህተሙን እንዳየ ፊቱ በራ፤ ከዚያ ሁሉ ስደተኛ መሐል ማህተም ያለው ወረቀት ያመጣን እኛ ነበርን። ጉዳያችን በዚያ ተከፈተ። እኔን ክላርክስተን ያደረሰኝ እኔው የጣልኩት፣ ሌላ ሰው ሞቶበት የመለሰው ማህተም ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር፤ ምክንያቱ ደግሞ ፍርሃት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ወደ ምሳው ልመለስ። ኮሎኔሉ ክራቫት አስረው ቆመዋል። «ድልድዩ ላይ ስንደርስ» አሉ፣ «ጠላት ከኋላችን ነው። ሃምሳ አለቃው መትረየሱን ይዞ 'እናንተ እለፉ' አለ። እስከ መጨረሻዋ ጥይት ተዋጋ። ድልድዩ ላይ ወደቀ።»

«ልክ ነው» አለ አንዱ ጓዳችን፣ አፉ እንደሞላ።

ልጅቱ ከሥራ በቀጥታ ስለመጣች ሰማያዊ የነርስ ልብሷን አልቀየረችም። ሹካዋን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ባለፈው ዓመት ኮረብታ ላይ ነው ያሉኝ» አለች።

ኮሎኔሉ ለአፍታ አሰቡ። «ኮረብታው ድልድዩ አጠገብ ነው» አሉ።

«ልክ ነው» አለ ጓዳችን።

«ኦኬ» አለች። «እማዬ ግን ስቶሪ አይደለም የምትፈልገው። በዓይኑ ያየ ሰው ነው። ሲሞት ያየ አለ?»

አራታችንም ሳህናችን ላይ አፈጠጥን። በዚያ ጫካ ያለው ወንዝ ምንም ድልድይ አልነበረውም፤ ድልድይ ቢኖርማ ኖሮ እሷም አትጠይቅም ነበር። ያኔ ገባኝ። ኮሎኔሉ በየዓመቱ ታሪኩን ባሳመሩት ቁጥር ሰውዬው በነጋዴው ወሬ ካርቱም ውስጥ ሌላ ልጅ እየወለደ ነው። የእኛ ጀግንነት ሴትዮዋን ከባልም ከሐዘንም አግዷቸዋል።

መልስ ሳይመጣ ስልኮቻችን ሁሉ በአንድ ጊዜ ጮኹ። የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ነበር። ዝናቡ ስንበላ ጀምሮ ኖሮ፣ መስኮቱ ጋ ስንሄድ ከሐይቁ በታች ያለው መንገድ ራሱ ሐይቅ ሆኗል። መኪኖቻችን እዚያ ነበሩ።

«ዳዲ፣ ፕሊስ፣ ካሮቹን ሙቭ እናድርግ» አለች የኮሎኔሉ ልጅ።

ኮሎኔሉ እጃቸውን አነሡ። «መጀመሪያ ሁኔታውን እንገምግም» አሉ። እናም ገመገምን። በዚያ ጫካ አንድ ወር የሄድን ሰዎች ቁርጭምጭሚት የሚያክል የፓይን ሌክ ውሃ ለመሻገር ሃያ አምስት ደቂቃ ስብሰባ ተቀመጥን። አንዱ ጉልበቱን ኦፕሬሽን አድርጓል። አንዱ ጫማው ሌዘር ነው፤ የሱቅ ላስቲክ እግሩ ላይ ጠልቆ በማስቲሽ ፕላስተር አሰረው። የማን መኪና ይቅደም በሚለው ላይ በማዕረግ ይሁን በመኪናው ዋጋ መስማማት አልተቻለም። ኮሎኔሉ ጃንጥላ ይዘው በረንዳ ላይ ቆመው ትዕዛዝ ሰጡ፤ በመጨረሻ መኪኖቹን ሁሉ ያወጣቻቸው ልጃቸው ናት፣ በባዶ እግሯ። የእኔ ግን ከሁሉም ዝቅ ብሎ የቆመ ነበርና ውሃ ገብቶበት አልነሣ አለ።

በረንዳው ላይ ከኮሎኔሉ ጋር ብቻችንን ቀረን። «ልነግራት ነው» አልኳቸው።

ዝናቡን አዩ። «ጀግና አባት ሰጠኋት» አሉ። «ምን ጎደለባት?»

«እናቷ ጀግና አይደለም የጠየቁት፣ ባላቸውን ነው።»

«ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ አንተ ምን አስጨነቀህ?» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ያን ጊዜ አሳዘኑኝ። ድልድዩን የሠሩት ለእሷ ሳይሆን ራሳቸው ሊሻገሩበት ነበር። ሁሉም ጥፋት የእሳቸው ይመስላቸዋል፤ ሳጥኑ ተጥሎ እንጂ ተረስቶ እንዳልነበረ እስከዚያች ሰዓት አያውቁም። በረንዳው ላይም አልነገርኳቸውም።

«ራይድ እሰጥዎታለሁ፣ ጋሼ» አለች ልጅቱ ቁልፏን ይዛ። ክላርክስተን ሩቅ አይደለም፣ ግን ጎርፍ ስለነበር በዝግታ ነዳች። የመኪናው መጥረጊያ አልችል ብሎት ወዲያና ወዲህ ይላል። ነገርኳት። ድልድይም ኮረብታም እንደሌለ፣ ጠላት የሚባል ነገር በዚያ ቀን በአካባቢው እንዳልነበረ፣ ወንዙን፣ ገመዱን፣ ግንዱን፣ ቋጠሮውን። ፈቃዱን። አባቷ ለማህተም እንደሞተ። «እኔ ሳጥኑን ረስቼው ነበር» አልኳት። እንዲህ ነው ያልኩት። የኮሎኔሉን ድልድይ አፍርሼ የራሴን ትንሽ ድልድይ አቆምኩ።

አላለቀሰችም። አፓርታማዬ በር ላይ ፓርክ አደረገች። እንድትጠብቀኝ ነግሬያት ወጣሁና የግሪን ካርድና የዜግነት ወረቀቶቼ ከሚቀመጡበት ቦርሳ ሥር ያቺን ወረቀት አወጣሁ። ስመለስ ሞተሩን አጥፍታ ነበር። ሰጠኋት።

ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ ማጠፊያው ላይ ሳስቷል። ማህተሙ ግን እንዳለ ነው። የአባቷን ስም በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ከዚያ መለስ ብላ እንደገና አነበበችው።

«ጋሼ» አለች፣ ዓይኗን ሳታነሣ። «እኔ ነርስ ነኝ። ሺፍቴ ሲያልቅ ሳልበላ እወጣለሁ፣ የበሽተኞቼን ቻርት ሳልሞላ ግን አልወጣም። ላይክ፣ ሥራዬ ነዋ። ጸሐፊ ማህተም ይረሳል?»

ዝናቡ የመኪናውን ጣሪያ እየደበደበ ነበር። «አይረሳም» አልኩ። «ጣልኩት። ከብዶኝ ጣልኩት።»

ይውጡልኝ ትለኛለች ብዬ የበሩን እጀታ ያዝኩ። «አባቴ ያውቅ ነበር?» አለች።

«እንደሚመስለኝ ያውቅ ነበር።»

ወረቀቱን በጥንቃቄ አጠፈችና መልሳ ሰጠችኝ። «ነገ ከቸርች በፊት እመጣለሁ። ለእማዬ እርስዎ ነዎት የሚነግሯት። እኔ አልነግርልዎትም።» ተቆጥታ ይሁን ወይም አዝና ከድምፅዋ መለየት አልቻልኩም። ሁለቱም ይገባኝ ነበር።

እሁድ ጠዋት መጣች፣ ለቸርች ለብሳ። ቡናም ሻይም አልፈልግም አለች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ደወለች፣ ድምፁን ከፈተችው። ጅማ ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ከኋላ የዶሮ ድምፅ ይሰማል። «እማዬ፣ ያልኩሽ ሰው» አለችና ወደ እኔ ገፋችው።

«ማን ልበል?» አሉ እናትየዋ።

ነገርኳቸው። ምሳው ላይ እንደሚተረከው አልነበረም፤ እየተንተባተብኩ፣ እየቀደምኩና እየተመለስኩ ነገርኳቸው። መጣሌንም ነገርኳቸው።

«ሬሳውን አዩ?» አሉ።

«አላየሁም። ውሃው ሲወስደው ነው ያየሁት።»

«መጀመሪያ ኮረብታ ተባልኩ፣ ቀጥሎ ድልድይ ተባለ። አሁን ደግሞ ወንዝ ነው» አሉ። ድምፃቸው ደክሟል። «ወንድሜ፣ ሰው ለማህተም ይሞታል? እኔ ከዚህ ምኑን ልመን?»

ልጅቱ አየችኝ። አርባ አንድ ወረቀት አትሜ ለአንዲት ሴት የሚሆን አንድ ማረጋገጫ አጣሁ። «እመቤቴ» አልኩ፣ «መሄድ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ዋና ስለማልችል ነው የቀረሁት። እሱ 'ይተዉት ልጁን፣ እኔ ዋና እችላለሁ' ብሎ ነው የገባው። ከዚህ ሌላ የማውቀው የለኝም።»

ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። የዶሮዋ ድምፅ ግን ይሰማል።

«እሱ ነው ዋና የሚችል?» አሉ በመጨረሻ።

«እንደዚያ ነው ያለው።»

«የሠርጋችን ዕለት» አሉ፣ «መንገዱ ላይ አንድ ወንዝ አለ፣ ጉልበት አያልፍም። በቅሎ ላይ ተቀምጦም አልሻገርም ብሎ ሚዜዎቹን ሁሉ ግማሽ ቀን በዙሪያ ጥምጥም አስኬዳቸው። አገር ስቆበታል። ውሃ እንደሱ የሚፈራ ሰው አላየሁም።» ትንፋሽ ወሰዱ። «እርስዎ ያኔ ስንት ዓመትዎ ነበር?»

«ሃያ ሁለት።»

«'ዋና እችላለሁ' አለ?»

«አለ።»

«ለልጅ ሲል ነው የዋሸው። እንግዲያው እሱ ነው» አሉ። «አሁን አመንኩ።»

ከዚያ ስልኩን ሳይዘጉ፣ ቤት ውስጥ ላለች ለሌላ ሰው «ነጠላዬን አቀብይኝ» ሲሉ ሰማን። ልጅቱ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። ከማዶ ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆየው ልቅሶ ጀመረ።